ከግድብ እስከ ምድጃ፤ በአነስተኛ ወጪ ንጹሕ ኃይል ስለ ማስፋፋት

የዓለም መንግሥታት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ጢስ የሰማዩን ጠባይ እየለወጠ መሄዱን ተረድተው ኃይላቸውን ከጢስ ለማንጻት በሚመክሩበት በዚህ ዘመን፥ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከብዙዎቹ የተለየ መልክ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ይገባል። ሌሎች አገሮች ከሁሉ በፊት የሚጨነቁት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቻቸውን ከድንጋይ ከሰል ለማላቀቅ ሲሆን፥ የእኛ ማመንጫዎች ከጥንስሳቸው ጀምሮ በወንዝ ውሃ ላይ የተመሠረቱ ስለ ሆኑ፥ ዛሬ በዋናው መስመር የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ፥ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚገኝ ነው። ይህን አይተን ልባችን ሊያርፍ ሲል ግን፥ ሕዝቡ በጠቅላላው ከሚጠቀምበት ኃይል ከዐሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ዛሬም ከማገዶ እንጨት፥ ከከሰል፥ ከኩበትና ከአዝመራ ተረፈ ምርት የሚመጣ መሆኑ ዕረፍት ይነሣናል። እንግዲህ በእኛ አገር ጢሱ ያለው በፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ሳይሆን በጓዳው ውስጥ ነው፤ ንጹሕ የኃይል ሥርዓት በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይቆማል የሚለውም ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው የግድቡና የምድጃው ነገር አንድ ላይ ሲመረመር ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ታላላቆቹ ግድቦች የሚገባቸውን ክብር ካገኙ በኋላ፥ ከእንግዲህ የሚወጣው ብር ይበልጡን ወደ ሽቦው፥ ወደ ምጣዱና ወደ ተራራው እርከን ሊያዘነብል ይገባዋል የሚል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ፥ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ በማለቁ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናትም በ1880ዎቹ ዓመታት ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፥ ሌላ ተክል አያስጠጋም እየተባለ ቢነቀፍም፥ በዘመኑ ከነበረው ችግር አንጻር ሲመዘን፥ በጥቂት ወጪ አንድ መናገሻ ከተማን ከማገዶ ረኀብ ያተረፈ መፍትሔ መሆኑን መካድ አይቻልም። የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በኤሌክትሪክ ብርሃን የበራውም በዚያው ዘመን ገደማ ነው። የአምፖሉና የማገዶው ታሪክ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ከተማ ተወልደው፥ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ሳይገናኙ መጓዛቸው እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው።

የአምፖሉ ታሪክ በጎ ጉዞ ተጉዟል። በጣልያን ወረራ ዘመን በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፥ ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ በከፈለችው ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ አዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ፥ ፊንጫ፥ መልካ ዋከና፥ ተከዜ፥ ጣና በለስና የጊቤ ወንዝ ማመንጫዎች በየተራ ተጨመሩ፤ ጊቤ ሦስተኛ ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ፥ ቁመቱ 145 ሜትር፥ ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር፥ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፥ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ፥ መምህሩና ወታደሩ፥ ነጋዴውና ገበሬው ከደመወዙና ከጥሪቱ ቀንሶ ቦንድ እየገዛ ያቆመው ሥራ ነው። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ባሉት ስድሳ አምስት ዓመታት የአንድ ግድብ ዐቅም ከመቶ እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ይህን ያህል የተደከመበት ኃይል ግን ወደ ምድጃው ሊገባ ሲል አንድ ጠባብ በር ይገጥመዋል፤ በሩም ምጣዱ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ልኩን 3.5 ኪሎ ዋት ብንይዘው፥ ምጣዱ ሲግል የሚወስደው ኃይል እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 350 አምፖሎች ከሚወስዱት ጋር ይተካከላል። በዚህ ስሌት ቆቃ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ወደ 12,300 ምጣድ ብቻ ሲሆን፥ የሕዳሴው ግድብም ተርባይኖቹ በሙሉ ቢሽከረከሩና በመንገድ የሚባክን ኃይል ባይኖር እንኳ የሚችለው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። የአገሪቱ አባወራና እማወራ ቤት ከዚህ ቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፥ ሁሉም በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢጥድ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ በፋሲካና በገና ዋዜማ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚቃጠለውና መብራት የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ኃይል ማመንጨትን ብቻ እያሰቡ ኃይሉ የሚያርፍበትን ዕቃ መርሳት፥ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ጥቂት ፍሬ መልቀም ይሆናል።

በእኔ አስተያየት የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ከማናቸውም ነገር አስቀድመው ሊጠበቡበት የሚገባው ዕቃ ይህ ምጣድ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ችግር ሌላ አገር ፈትቶ አይልክልንም። የሸክላው ገጽ ወፍራም ስለ ሆነ የመጀመሪያው እንጀራ እስኪወጣ ብዙ ደቂቃ ሲግል ይቆያል፤ በሸክላው ሥር በቦይ የተዘረጋው ሬዚስታንስ ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ጎንም ይሰጣል፤ ሊጡ በፈሰሰ ቁጥርና አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚጠፋው ሙቀትም ቀላል አይደለም። ከሥሩና ከዙሪያው ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ደህና አድርጎ መደልደል፥ ሸክላውን ሳይሰበር በሚችለው መጠን ማሳሳት፥ ሙቀቱ ከሚፈለገው ሲያልፍ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መግጠም፥ እነዚህ ሁሉ በአገር ውስጥ ጋራዥና የሸክላ ሠሪዎች መንደር ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። በዚህ መንገድ በአንድ ምጣድ ላይ ግማሽ ኪሎ ዋት ብቻ ቢቀነስ፥ አብረው በሚሠሩ አንድ ሚሊዮን ምጣዶች ላይ ሲባዛ 500 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ይህም ከግልገል ጊቤ ሁለተኛ 420 ሜጋ ዋት የሚበልጥ ነው። ያ ማመንጫ ውሃውን የሚያገኘው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ዋሻ ሲሆን፥ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ሥራው መቋረጡን የሚያስታውስ ሰው፥ በምጣድ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ምን ያህል አደጋ የሌለበት ሀብት እንደ ሆነ ይረዳዋል። ሰዓቱን መለዋወጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የካርድ ቆጣሪ በብዙ ቤት ስለ ገባ፥ በሌሊትና በማለዳ ለሚጋግር ዋጋ የሚቀንስ፥ በምሽት ጭንቅ ሰዓት ለሚጋግር የሚጨምር ሥርዓት ቢዘረጋ፥ ያለ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የማመንጫን ያህል ጥቅም ይሰጣል። ሆኖም ይህ ሁሉ ሲደረግ የእናቶችን እንቅልፍ ከሒሳብ ማውጣት አይገባም፤ ሌሊት መጋገርን የሚያበረታ ዋጋ ድካሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ያልደረሰበት፥ ወይም ደርሶ ምጣድ ለማጋል ዐቅም የሌለው ገጠርስ? የአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ያለ ኤሌክትሪክ የሚኖር ስለ ሆነ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በገጠሩ እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ ሲሆን፥ እሳቱ በሦስቱም ማዕዘን ለነፋስ የተጋለጠ በመሆኑ የእንጨቱ ሙቀት አብዛኛው በከንቱ ይጠፋል፤ ጢሱም የሴቶችንና በጀርባቸው ያዘሉአቸውን ሕፃናት ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ የተሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፥ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየወረዳው የሚመረግ፥ እሳቱን በግንብ ከብቦ የሚይዝ፥ ማገዶውንም ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር ወደ ግማሽ የሚያወርድ ነው። ለከሰል ተጠቃሚው ደግሞ «ላቀች» የተባለው በሸክላ የተለበጠ የከሰል ምድጃ አለ። የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ከአንድ የኃይል ማመንጫ በጀት ጎን ሲቀመጥ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ሳለ፥ በመሥሪያ ቤቶቻችንም ሆነ በጋዜጦቻችን የሚሰጣቸው ቦታ እጅግ አነስተኛ ነው።

የምድጃው ነገር ከግድቡ ነገር ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ እንጨት ስላለቀ ገበሬው ኩበት ያነዳል። ኩበቱ በማሳው ላይ ቢወድቅ ኖሮ መሬቱን ያፋፋ ነበር፤ ሲነድድ ግን አፈሩ ይሳሳል፥ የሳሳው አፈር በክረምቱ ጎርፍ ይታጠባል፥ የታጠበው አፈር በወንዙ ተጉዞ ደለል ሆኖ በግድቡ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ቆቃ ለዚህ ምስክር ነው፤ ሲሠራ ሊይዝ ከታሰበው ውሃ ጥቂት የማይባለውን ቦታ ከላይኛው አዋሽ ተፋሰስ የመጣ ደለል ወርሶበታል። ስለዚህ በሸዋ ደጋ አንዲት እናት ኩበት አንድዳ የጋገረችው እንጀራና በአዋሽ ሸለቆ የሚሽከረከረው ተርባይን በማይታይ ሰንሰለት የተሳሰሩ ናቸው፤ የምድጃውን ችግር ያልፈታ መንግሥት የግድቡን ዕድሜ እያሳጠረ ነው ማለት ይቻላል። ኮንሶዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በድንጋይ እየካቡ ያቆሙት፥ በዓለም ቅርስነትም የተመዘገበው እርከን፥ አፈርን በቦታው ለማስቀረት የውጭ ምንዛሪ እንደማያስፈልግ የሚያስተምር ትልቅ መጽሐፍ ነው። ከየማመንጫው ገቢ ጥቂቱ እጅ ተቆርጦ በየዓመቱ ከግድቡ በላይ ላለው ተፋሰስ እርከንና ደን ቢመደብ፥ ይህ ምጽዋት ሳይሆን የማመንጫው የራሱ የጥገና ወጪ ነው።

ኩበቱን ሳያባክኑ ኃይልም ማዳበሪያም የማግኘት ዘዴ ባዮጋዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ለመሥራት አቅዶ ወደ 8,000 የሚሆኑት ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ውሃ በመራቁ፥ ከብት በማነሱና ጠጋኝ በመጥፋቱ ሥራ አቁመዋል። ከዚህም በላይ የባዮጋዝ ነበልባል ለወጥና ለቡና እንጂ ለሰፊው ምጣድ በቀላሉ አልተመቸም፤ ሰፊ ምጣድ የሚያዳርስ ማንደጃ እስኪሠራለት ድረስ ይህ መንገድ ከብትና ውሃ ለቀረበው ገበሬ ብቻ የሚሆን ነው።

ወደ ሽቦው እንለፍ። ከማመንጫው ከሚወጣው ኃይል አንድ አምስተኛ የሚሆነው በማስተላለፊያና በማከፋፈያ መስመር ላይ ይጠፋል። የዚህ ጥፋት አንዱ ክፍል ስርቆትና የቆጣሪ ጉድለት ሲሆን፥ ሌላው ግን የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ከሚያልፈው ከረንት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፥ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ብክነቱን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። በአገራችን መካከለኛ መስመሮች 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ናቸው፤ አንድን ጭነት በዚያው ሽቦ ከ15 ወደ 33 ቢያሻግሩት የመስመሩ ብክነት ወደ አንድ አምስተኛው ይወርዳል። ከጭነታቸው በላይ የተሸከሙትን ትራንስፎርመሮች መለወጥ፥ በፋብሪካዎችና በማከፋፈያ ጣቢያዎች ካፓሲተር መትከል፥ የበሰበሰውን የእንጨት ምሰሶ በኮንክሪት መተካት፥ እነዚህ ሁሉ ሪባን የማይቆረጥባቸው፥ ነገር ግን ከአዲስ ግድብ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው።

በገጠር ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ግን ከሁሉ የሚያስተምረን የቱኒዚያ ምሳሌ ይመስለኛል። ቱኒዚያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከመቶ የገጠር ቤት ስድስቱን ብቻ ነበር በኤሌክትሪክ ያዳረሰችው። መሐንዲሶቿ ከፈረንሳይ የወረሱትን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በየመንደሩ ከመጎተት ይልቅ፥ ዋናውን ግንድ ባለ ሦስት ፌዝ አድርገው ቅርንጫፎቹን በአንድ ፌዝ ለመዘርጋት ቈረጡ፤ የገጠሩ ቤት ለመብራትና ለትንንሽ ዕቃ የሚፈልገው ከዚህ አይበልጥምና። በዚህ አንድ ውሳኔ የመስመሩ ወጪ በእጅጉ ቀነሰ፥ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስም ከመቶ የገጠር ቤት ወደ ዘጠና የሚጠጉት ብርሃን አገኙ። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ደግሞ በአንድ ሽቦ ብቻ እየሄደ መሬትን እንደ መመለሻ የሚጠቀም መስመር ራቅ ያሉ የእርሻ ቤቶችን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። የእኛ አገር ገጠር ተበታትኖ የሰፈረ፥ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፥ ለከተማ የተጻፈውን የአሠራር መለኪያ እንዳለ ወደ ገጠር መውሰድ ገንዘብ መጨረስ ነው። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፥ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆነ የፀሐይ ኃይልና በመሰለው ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ ክፍፍሉ ብልህነት ያለበት ነው፥ የጎደለው ለገጠሩ መስመር የሚስማማ ርካሽ የአሠራር መለኪያ ነው። ለቆጣሪ ማስገቢያ የሚጠየቀውን ገንዘብ ባለመቻል በመስመሩ ሥር በኩራዝ የሚያመሽም ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ይህን ዕዳ በረዥም ጊዜ ክፍያ ማቅለል ከምሕንድስናው ይልቅ የአስተዳደር ሥራ ነው።

የውሃ ኃይል ዝናብን የሚጠብቅ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በ2001 ዓ.ም. እና በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች ውሃ ማነስ ኃይል በፈረቃ እስከ ማደል ተደርሷል። ለዚህ የሚሆን ረዳት ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታለች፤ በብዙ ከፍተኛ ስፍራዎቻችን ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፥ ወንዞች በሚጎድሉበት ወራት ነው። አዳማ አንደኛና ሁለተኛ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፥ በመቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳም 120 ሜጋ ዋት ሆነው የተሠሩት በዚሁ አሳብ ነው። ነፋስ በነፈሰ ሰዓት የግድቡን በር መቀነስ ውሃውን ለጭንቅ ቀን ማቆየት ስለ ሆነ፥ ሌሎች አገሮች በብዙ ገንዘብ ባትሪ የሚገዙለትን ሥራ እኛ ቀድሞ በተሠራ ግድብ እናገኘዋለን። አዳማ ሁለተኛ ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከሕዳሴው ግድብ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ከሚጠጋ ወጪ ጋር በኪሎ ዋት ሲተያይ ከእጥፍ በላይ ይወደዳል፥ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የነፋስ መሣሪያ ዋጋ ወርዷል፥ የፀሐይ ፓነልም በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐሥር ዓመታት ውስጥ ከዋጋው ከዐሥሩ ዘጠኙን እጅ ያህል ጥሏል። ፀሐይ በሶማሌና በአፋር ቆላ፥ መስመር ሊደርስበት በማይከጀልበት ስፍራ፥ ለውሃ መሳቢያና ለጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ከናፍጣ ሞተር የተሻለ መሆኑ ዛሬ አከራካሪ አይደለም።

ከምድር የሚወጣው እንፋሎት ድርቅ የማይነካው ነው። ኬንያ በዚያው በስምጥ ሸለቆ በኦልካሪያ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምራ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ግማሽ የሚጠጋውን ከዚህ ስታገኝ፥ በእኛ በአሉቶ ላንጋኖ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተተከለው 7.3 ሜጋ ዋት መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመለዋወጫና በጥገና ጉድለት ቆመ። ጉድጓድ መቆፈር ውድ ስለ ሆነ ይህን መንገድ ርካሽ ልለው አልደፍርም፤ የአሉቶ ነገር ግን ለሁሉም የሚሆን ትምህርት ይዟል፤ ጠጋኝ ያልተዘጋጀለት መሣሪያ በምንም ዋጋ ቢገዛ ውድ ነው።

የዋጋው ጉዳይ ሳይነሣ ዳሰሳው አይሞላም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለወጥ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ብቻ ሲያስከፍል ኖረ። ለድኻው የታሰበ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቆጣሪ የሌለው ድኻ ከዚህ ርኅራኄ ምንም ሳይደርሰው፥ የኤሌክትሪክ ተቋሙ ሽቦና ትራንስፎርመር የሚለውጥበትን ገንዘብ አጣ። ዛሬ ከተረፈው ኃይል ለጅቡቲና በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ለኬንያ ይሸጣል፤ ይህ የተመሰገነ ነው። ለቢትኮይን ቆፋሪዎችም በውጭ ምንዛሪ ተሽጧል፤ ገቢው የሚናቅ ባይሆንም፥ ሥራው ለአገር ልጅ እጅ ሙያ የማይተርፍ ስለ ሆነ፥ ያ ምንዛሪ በቀጥታ ለገጠር መስመርና ለቆጣሪ ካልዋለ በስተቀር የዚህ ንግድ ጥቅም ለእኔ አይታየኝም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ግን፥ በየዓመቱ ለነዳጅ የሚወጣውን በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚነካ ደፋር ውሳኔ ነው፤ መኪናዎቹ የሚሞሉት ምጣድ በማይበዛበት በሌሊት እንዲሆን ቢደረግ ደግሞ ግድቦቹ ሥራ ፈትተው በሚያድሩበት ሰዓት ገበያ ያገኛሉ።

እንግዲህ የኃይል ዕቅድ የሚያወጡትን ባለሥልጣኖች፥ አበዳሪዎቻቸውንና በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የምሕንድስና መምህራን ልንለምናቸው የሚገባው ነገር ግልጽ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሜጋ ዋት፥ ስንት ቤት ቆጣሪ እንደሚገባለት፥ ስንት የተሻሻለ ምጣድና ምድጃ እንደሚታደል፥ ከግድቡም በላይ ስንት ሄክታር እርከን እንደሚሠራ በዚያው በጀት ውስጥ አብሮ ይጻፍ፤ ይህ ያልተጻፈበት ዕቅድም እንዲሟላ ወደ አዘጋጆቹ ይመለስ።